መብራት ሄደ ማለት ማሽኑ ተቆለፈ ማለት አይደለም

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ድሬዳዋ ውስጥ ሳቢያን አካባቢ ከአንድ የእህል ወፍጮ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ መብራት ሄደ። ወፍጮው እያቃሰተ ቆመ፤ ከሰዓታት ጩኸት በኋላ የሰፈሩ ድምፅ መሰማት ጀመረ። ወፍጮውን የሚያሠራው ወጣት ጊዜ አላባከነም። ከጠዋት ጀምሮ መውረጃው እየታፈነ ሲያስቸግረው ነበርና የብረት ሽፋኑን አንስቶ እጁን እስከ ክርኑ ሰደደ፤ የተጋገረውን ዱቄት በጣቶቹ እየፈለፈለ ያወጣ ጀመር። ጥቂት እንደቆየ ብሩሽ ሊያመጣ ወደ መደርደሪያው ዞር አለ። ብሩሹን ገና ሳያነሣ መብራት መጣ። ቺንጋው ተርገፍግፎ ተነሣ፤ ክፍቱን የቀረው ወፍጮ ዱቄት ወደ ጣሪያው ይተፋ ጀመር። ግድግዳው ላይ ያለው ማብሪያ መብራቱ ሲሄድ እንደነበረው ሳይነካ በርቶ ቆይቷል። ልጁ ዱቄት የለበሰ ክንዱን ትንሽ ሲያየው ቆይቶ፣ ከዚያ በኋላ ነው ሄዶ ማብሪያውን ያጠፋው።

ነገሩ የአንድ ልጅ ቸልተኝነት ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚያው ወፍጮ ቤት መክሬው በተለያየን ነበር። ነገር ግን ልጁ ያደረገው በብዙ የሥራ ቦታ የተለመደ ነው፤ ምክንያቱም አለው። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ኃይል ባለበት ሰዓት ማሽን ማቆም ምርት ማቆም ነው፤ ደንበኛ ተሰልፎ እየጠበቀ ወፍጮ ማቆም ደግሞ ለማንም አይዋጥም። ስለዚህ ጽዳቱም፣ ግራሶ መቀባቱም፣ ቺንጋ መለወጡም፣ የላላ ብሎን ማጥበቁም ይጠራቀምና «መብራት ሲሄድ እንሠራዋለን» ይባላል። በዚህ መንገድ መብራት መጥፋቱ ራሱ የጥገና ሰዓት ሆኖ ተመድቧል። ኃይሉን ያቋረጠው እዚያ ያለ ሰው አይደለም፤ መልሶ የሚለቀውም ሰው ማን እጁን የት እንዳስገባ አያውቅም። ድሬዳዋ ላይ ስለ ማሽን ደኅንነት የሚነገረው ሁሉ ከዚህ ልማድ ካልጀመረ ሥር አይይዝም የሚል እምነት አለኝ።

ከተማዋ ለማሽን እንግዳ አይደለችም። በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ በባቡር ጥገና ወርክሾፗ የስንት ዓይነት ሙያተኛ ያፈራች፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተተከለ ሲሚንቶ ፋብሪካና ብዙ ትውልድ ያስተዳደረ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የነበራት ናት። ዛሬ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፤ በ2014 ዓ.ም. የተጀመረው ነፃ የንግድ ቀጠናም ተጨምሮበታል። በእነዚህ በሮች ከሚገቡት ወጣቶች ብዙዎቹ ከዚህ በፊት የሚያውቁት ሞተር የባጃጅ ወይም የውኃ ፓምፕ ነው። አንዲት ልጅ በሰፈሯ ወፍጮ ቤት ያየችውን ይዛ ወደ ትልቁ ፋብሪካ ትገባለች፤ የሰፈሩ ልማድም አብሯት ይገባል።

በመጀመሪያ «ጠፍቷል» የሚለው ቃል በማሽን ቤት ውስጥ ስንት ዓይነት ትርጉም እንዳለው መለየት ያስፈልጋል። አንድ ሞተር መብራት ስለሄደ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ማስነሻው በቀጥታ በእጅ የሚዞር ስዊች ከሆነና በርቶ ከተተወ፣ ኃይል በተመለሰበት ቅጽበት ሞተሩ ማንንም ሳይጠይቅ ይነሣል፤ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። ኮንታክተር የሚባለው፣ በኤሌክትሪክ ማግኔት ተስቦ መስመሩን የሚያገናኝ ስዊች ያለው ማስነሻ ከሆነ ግን ኃይል ሲቋረጥ ኮንታክተሩ ራሱ ይለቅቃል፤ አረንጓዴው መጫኛ ዳግም ካልተጫነ ሞተሩ አይነሣም። ይህ ከመጀመሪያው እጅግ የተሻለ ነው፤ ሆኖም እሱም ቢሆን ቁልፍ አይደለም። ቀዩ ማቆሚያ መጫኛ የሚያቋርጠው ኮንታክተሩን የሚያዘውን ቀጭን የመቆጣጠሪያ መስመር ብቻ ነው፤ 380 ቮልቱ እስከ ኮንታክተሩ ራስ ድረስ መጥቶ ቆሟል። የኮንታክተሩ ጥርሶች በሙቀት ተጣብቀው ከቀሩ፣ አይጥ የመቆጣጠሪያ ሽቦውን ከበላችው፣ ወይም ከማዶ ያለ ሰው «ይኼ ለምን ቆመ?» ብሎ አረንጓዴውን ከተጫነ ማሽኑ ይነሣል። በድንገተኛ ጊዜ የሚመታው ትልቁ ቀይ፣ እንጉዳይ መሰል መጫኛም ቢሆን ለመሸሽ የተሠራ እንጂ ገብቶ ለመሥራት የተሠራ አይደለም። እጅ ማስገባት የሚቻለው ባለሙያዎቹ ሜን ስዊች የሚሉት ዋናው ማቋረጫ ወርዶ፣ ሦስቱም ፌዞች፣ ማለትም ኃይል የሚያመጡት ሽቦዎች፣ ከማሽኑ ተለያይተው፣ ያ ማቋረጫ ተመልሶ እንዳይነሣ በጓጉንቸር ከተቆለፈ በኋላ ነው።

የጊዜው ስሌትም ቀላል ነው። በ50 ኸርዝ የሚሠራ የተለመደ ባለ አራት ፖል ሞተር ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ሲደርስ በደቂቃ 1,450 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ በሰከንድ ሲካፈል 24 ዙር ገደማ ነው። የሰው ዓይን አይቶ፣ ልብ ደንግጦ፣ ክንድ እስኪሰበሰብ ድረስ ምላጩ ወይም ቺንጋው ደጋግሞ ተመላልሷል። «ስትነሣ እጄን አወጣለሁ» የሚል ሰው የራሱን ክንድ ከሞተር ጋር እያሽቀዳደመ ነው።

ቆልፎ የመሥራት ሥርዓት በብዙ አገር ሎክአውት ታግአውት ተብሎ ይታወቃል። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤንነት አስተዳደር ይህን የተመለከተ አስገዳጅ ደንብ በ1989 እ.ኤ.አ. አውጥቶ በማግሥቱ ዓመት በሥራ ላይ አውሏል፤ ደንቡ ሲከበር በየዓመቱ 120 ያህል ሞትና 50,000 ያህል ጉዳት እንደሚያስቀር፣ ባልተቆለፈ ኃይል የተጎዳ ሠራተኛም በአማካይ 24 የሥራ ቀን እንደሚያጣ መሥሪያ ቤቱ ይገምታል። የሥርዓቱ እምብርት አንድ ነገር ነው፦ ለአንድ ሰው አንድ ጓጉንቸር፣ ለአንድ ጓጉንቸር አንድ መክፈቻ፣ መክፈቻውም በሠራተኛው ኪስ። አምስት ሰው በአንድ ማሽን ላይ ከሠራ አምስት ጓጉንቸር ይንጠለጠላል፤ ማቋረጫው አንድ ቀዳዳ ብቻ ካለው፣ ብዙ ጓጉንቸር የሚይዝ ባለ ብዙ ቀዳዳ የብረት መቆንጠጫ ይደረግበታል። አራቱ ጨርሰው ቢሄዱም የአምስተኛው እስካልተከፈተ ድረስ ኃይል አይለቀቅም። ከጓጉንቸሩ ጋር የሚንጠለጠለው ካርድ የሠራተኛውን ስም፣ የጀመረበትን ሰዓትና የሥራውን ዓይነት ይናገራል። ካርዱ ብቻውን ግን ማንንም አያግድም። «እንዳትነኩ» ተብሎ በካርቶን ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነፋስ ሲወስደው አይቻለሁ፤ ያልወሰደውንም ማንበብ የማይችል ሰው ያልፈዋል።

ከመቆለፉ ቀጥሎ ያለውና ብዙዎች የሚዘሉት ማረጋገጡ ነው። የተቆለፈው ትክክለኛው ማቋረጫ ነው ወይ? ሳጥኖቹ ላይ የተጻፈው ስም ከዓመታት በፊት ማሽኖቹ ቦታ ሳይቀይሩ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከቆለፉ በኋላ ሰው ሁሉ ከማሽኑ መራቁን አይቶ አረንጓዴውን መጫኛ መሞከር፣ እንደማይነሣ ካረጋገጡ በኋላም ማስነሻውን ወደ ጠፊ ቦታው መመለስ ይገባል። በሽቦው ላይ የሚሠራ ኤሌክትሪሺያን ደግሞ በዚህ አያበቃም። መለኪያውን አስቀድሞ ኃይል እንዳለው በሚያውቀው መስመር ላይ ይሞክራል፤ ቀጥሎ ሊሠራበት ያሰበውን መስመር በሦስቱም ፌዝ፣ እርስ በርሳቸውና ከመሬት ጋር ይለካል፤ በመጨረሻም መለኪያውን እንደገና ኃይል ባለው መስመር ላይ ሞክሮ በመሃል እንዳልሞተበት ያረጋግጣል። መለኪያው ራሱ ባትሪ ጨርሶ «ኃይል የለም» ቢል ማን ይፈርዳል? በተለይ በእኛ የግንቦትና የሰኔ ሙቀት ይህ ቀልድ አይደለም። ላብ የጠጣ ቆዳ ኤሌክትሪክን የመቋቋም አቅሙ ይወርዳል፤ የሰውን ልብ ለማወክ ደግሞ ከአምፒር መቶኛ ክፍሎች ጥቂቱ ይበቃል። የሰው ነፍስ የሚጠብቁ ማቋረጫዎች በ0.03 አምፒር እንዲለቅቁ የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

ኤሌክትሪኩ ተቆርጦም ማሽኑ ውስጥ የሚቀር ኃይል አለ። በጨርቃ ጨርቅ ቤት ጥጥ የሚያበጥረው የካርዲንግ ማሽን ትልቁ ሲሊንደር ክብደቱ ከባድ ስለሆነ ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላ ለደቂቃዎች በራሱ ይዞራል፤ ዝም ብሎ ስለሚዞር የቆመ ይመስላል፤ ላዩ ላይ ያለው ጥቃቅን የሽቦ ጥርስ ግን ጣት አይመርጥም። በሲሚንቶ ቤት የሚፈጨው ትልቁ በርሜል በሆዱ የብረት ኳሶች ተሸክሟል፤ ሲቆም ኳሶቹ ወደ አንድ ጎን ተከምረው ከቀሩ፣ ሚዛኑ ሲያጋድል ያለ ምንም ኤሌክትሪክ ወደ ኋላ ሊንከባለል ይችላል። ወደ ላይ የተነሣ የገልባጭ መኪና አልጋ በሃይድሮሊክ ዘይት ብቻ ቆሞ ከሆነ፣ ከሥሩ ገብቶ የሚሠራ ሰው ሕይወቱን በአንድ የጎማ ቱቦ ላይ አንጠልጥሏል። የኮምፕሬሰር ጋን፣ የተወጠረ ስፕሪንግ፣ በቧንቧ ውስጥ የቀረ እንፋሎት ሁሉም የየራሱ መዘጊያ፣ መልቀቂያና ማሰሪያ ያስፈልገዋል። የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ ኢንቨርተር ውስጥ ያሉ፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ካፓሲተሮችም መብራት ከጠፋ በኋላ ለደቂቃዎች የሚገድል ኃይል ይዘው ይቆያሉ፤ ስንት ደቂቃ መጠበቅ እንደሚገባ በሳጥኑ ላይ ተጽፏል፤ ያን ማንበብና መጠበቅ የሥራው አካል ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ የሚያልፈው አዲሱ የባቡር መስመር በ25,000 ቮልት የሚሠራ በመሆኑ ይኸንኑ ነገር በትልቁ ያሳያል። ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋው ሽቦ ኃይሉ ቢቋረጥም በአጠገቡ ካለ ሌላ መስመር ተሻግሮ የሚደርስበት ቮልት ስለሚኖር፣ ሠራተኞቹ ከመንካታቸው በፊት ከመሬት ጋር ያያይዙታል። ኃይል ማቋረጥና ኃይል አለመኖሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የሚያውቅ ሥራ በደጃችን ሲያልፍ እያየን ነው።

ጄኔሬተር ያለበት ቤት ሌላ ወጥመድ አለው። መብራት ሲሄድ በራሱ ተነሥቶ መስመር የሚቀይር መሣሪያ ከተገጠመ፣ «መብራት የለም» ብሎ የገባው ሠራተኛ በሰከንዶች ውስጥ ከጄኔሬተሩ ኃይል ይደርሰዋል። ጣሪያ ላይ የተዘረጋ የፀሐይ ፓኔልም ፀሐይ እስካለች ድረስ አይጠፋም። የድሬዳዋ ፀሐይ ደግሞ እንግዲህ የታወቀች ናት። ስለዚህ አንድ ማሽን ስንት መንገድ ኃይል እንደሚደርሰው አስቀድሞ ተቆጥሮ፣ በእያንዳንዱ መንገድ ላይ ጓጉንቸር መዋል አለበት። በዚህ በኩል አንድን ማሽን የሚያውቅ ሰው የሚጽፋት ግማሽ ገጽ ማስታወሻ፣ ሳጥኑ ላይ በላስቲክ ተሸፍና ብትለጠፍ፣ ከወፍራም መመሪያ መጽሐፍ ይልቅ ትጠቅማለች።

አሁን ወደ ዋናው እንቅፋት ልምጣ፤ እሱም ገንዘብ አይደለም። ድሬ ላይ ሰው በሰው ይኖራል። ትልቁን ሰው «አንተ» ብለን እንጠራለን፤ ባዕድ የለም። በሥራ ቦታም ሜካኒኩ ከማሽኑ ሥር ሲገባ ጓደኛውን «ማብሪያው ጋ ቁምልኝ» ይለዋል፤ ጓደኛውም «አለሁልህ፣ አትፍራ» ብሎ ይቆማል። በዚህ መሃል የራስን ጓጉንቸር አውጥቶ ማንጠልጠል «አላመንከኝም ወይ?» ያሰኛል። ይህን ቅሬታ አልንቀውም፤ ከመልካም ልብ የሚመጣ ነውና። ነገር ግን ማብሪያው ጋ የቆመው ሰው ስልክ ይጠራዋል፣ አለቃው ለሌላ ሥራ ይልከዋል፣ ውኃ ይጠማዋል፣ የእኩለ ቀኑ ሙቀት ያደክመዋል። ከጎኑ ያለ ሰው «ጨርሰዋል» ቢለው ያምናል። ጥፋት ሲደርስ ደግሞ የሚጎዳው ከማሽኑ ሥር የነበረው ብቻ አይደለም፤ ወዳጁን በገዛ እጁ የጎዳው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያን ማብሪያ ሲያየው ይኖራል። ጓጉንቸሩ ከዚህ ሸክም የሚያድነው ጠባቂውንም ነው፤ እንዲህ ብለን ብናስረዳ ቅሬታው ይበርዳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሕጉ በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በ92ኛው አንቀጹ አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ፣ ሠራተኛውም ስለ ሥራው አደጋና ስለ መከላከያው እንዲሠለጥን ያዛል። በ96ኛው አንቀጽ ደግሞ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። እዚያው ላይ ግን ብዙ ሠራተኛ የማያውቀው አንድ ነጥብ አለ፦ አሠሪው በግልጽ ያወጣውን የደኅንነት መመሪያ አለማክበር ጉዳቱን ሠራተኛው ሆነ ብሎ በራሱ ላይ እንዳደረሰው ያስቆጥረዋል፤ ኃላፊነቱም ከአሠሪው ላይ ይወርዳል። ይህ ነጥብ ያሳስበኛል። «ማሽን ሳይቆለፍ መጠገን ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተፈርሞ በፋይል ከገባ፣ ጓጉንቸር ግን ካልተገዛ፣ ማቋረጫው ላይ መቆለፊያ ቀዳዳ ከሌለ፣ አለቃውም «ቶሎ በል» እያለ ከቆመ፣ ያ ወረቀት የሚጠብቀው ማንን ነው? የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች መመሪያው መጻፉን ብቻ ሳይሆን ጓጉንቸሮቹ በስንት ሰው ኪስ እንዳሉ ቢጠይቁ፣ የሠራተኛ ማኅበራትም መመሪያ ሲፈርሙ የመሣሪያውን ግዢ አብረው ቢያስፈርሙ ትክክል ነው። ኢትዮጵያ በ1991 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት 155ኛ ስምምነትም፣ ለሕይወቱ ወይም ለጤናው የሚያሰጋ ቅርብና ከባድ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት ከሥራው የተለየ ሠራተኛ ያለ አግባብ እንዳይቀጣ ይጠብቃል። ያልተቆለፈ ማሽን ውስጥ አልገባም ያለ ልጅ እንቢተኛ ተብሎ መታየት የለበትም።

ትንንሾቹ የሥራ ቦታዎች የራሳቸው መላ ያስፈልጋቸዋል። በእንጨት ቤት፣ በብረታ ብረት ቤት፣ በዳቦ ቤት ያለው ብሬከር ብዙውን ጊዜ መቆለፊያ የለውም። ብሬከሩ ላይ ተጣብቆ የሚቆለፍ ትንሽ የፕላስቲክ መያዣ ከተገኘ መልካም፤ ካልተገኘ ማቋረጫውን አውርዶ የሳጥኑን በር መቆለፍ ይቻላል፤ በሩ የሚቆለፍ ካልሆነ ብየዳ ቤት ሁለት ቀለበት ማስደረግ ይቻላል። በስፒና የሚሠራ ግራይንደር ወይም ሊጥ ማቡኪያ ከሆነ ስፒናውን ነቅሎ፣ የስፒናው ጫፍ ከሠራተኛው ዓይን ሳይርቅ መሥራት ነው፤ የግራይንደር ዲስክ ሶኬት ላይ እንደተሰካ የሚቀይር ሰው ጣቱን ከማስነሻው አጠገብ እያንቀሳቀሰ መሆኑን ልብ አይልም። የቧንቧ መዝጊያ መንኰራኩር በሰንሰለትና በጓጉንቸር ይታሰራል። ከሁሉም በላይ ግን፣ አዲስ ማሽን የሚያስተክል ሰው ለኤሌክትሪሺያኑ ሁለት ነገር ቢያዝዝ የአደጋው ግማሽ ከጅምሩ ይቀራል፤ አንደኛው መብራት ሲመጣ በራሱ የማይነሣ ማስነሻ፣ ሁለተኛው ጓጉንቸር የሚገባበት ቀዳዳ ያለው ሜን ስዊች።

ሳቢያን ያለው ወፍጮ ቤት ባለቤት ሁለቱንም አስደርጓል። ከጥቂት ወራት በኋላ ስመለስ አዲሱን ሳጥን በኩራት አሳየኝ፤ ጓጉንቸሩ ከሳጥኑ ጎን ተንጠልጥሏል፤ መክፈቻው በክር ታስሮ በልጁ አንገት ላይ ነው። «ግን አቦ፣ ከጓጉንቸሩ ጋር ሦስት መክፈቻ ሰጡኝ፤ ሁለቱን እኔ ጋ ባስቀምጣቸው ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ከብዙ ትልልቅ ድርጅት ጥያቄ የተሻለ ነው። ትርፍ መክፈቻ በአለቃ ኪስ ካለ ጓጉንቸሩ የሠራተኛው መሆኑ ቀረ። ተቃራኒውም ችግር አለ፤ ልጁ መክፈቻውን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ወደ ቤቱ ቢሄድ ወፍጮው ተቆልፎ ያድራል። ስለዚህ ትርፎቹ በታሸገ ፖስታ ገብተው ይቀመጣሉ፤ ፖስታው የሚቀደደው በመጀመሪያ ልጁ በግቢው ውስጥ እንደሌለ በዓይን ተፈልጎ ሲረጋገጥ፣ ቀጥሎ ስልክ ተደውሎለት በተቻለ ሁሉ ሲፈለግ፣ ማሽኑም ተከፍቶ ሰው በውስጡና በሥሩ እንደሌለ ሲታይ ነው። በማግሥቱ ልጁ ወደ ሥራ ሲገባ ደግሞ እጁ ማሽኑን ከመንካቱ በፊት «ጓጉንቸርህ ትናንት ማታ ተከፍቷል» ተብሎ ይነገረዋል። ባለቤቱ ፖስታውን ያሸገው እኔ እዚያው እያለሁ ነው፤ ላዩ ላይ ቀኑን ጽፎ ከንግድ ፈቃዱ ፍሬም ጀርባ አስገባው።